ባለጡሩንባው ለአራተኛ ጊዜ ሲወዳደር

1.

የግል ዕጩ መመዝገቢያ ቅጽ

ሙሉ ስም፦ ዳምጠው መንገሻ
ዕድሜ፦ ሃምሳ ዘጠኝ
ሥራ፦ የወፍጮ ድንጋይ ወቃሪ
ተጨማሪ ሥራ፦ የዕድር ጡሩንባ ነፊ
የሚወዳደሩበት ምክር ቤት፦ የከተማ
ከዚህ በፊት ተወዳድረው ያውቃሉ?፦ እንዴታ
ስንት ጊዜ?፦ ሦስት (ሁለቴ ለከተማ፣ አንዴ ለክልል)
አሸንፈው ያውቃሉ?፦

እዚህ ላይ ጋሽ ዳምጠው እስክሪብቶውን አንሥቶ ሚስቱን እትዬ ስንዱን አያት። እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። መዝጋቢዋ ልጅ ባዶ መተው ይቻላል አለችው። ተወው።

የመረጡት ምልክት፦ ጡሩንባ

2.

ወይራ ሜዳ የሚባል ከተማ አለ። ካርታ ላይ አትድከሙ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰዎቹን ግን አልሠራኋቸውም፤ በር ሳያንኳኩ ነው የገቡብኝ። ቀድሞ የገባው ጋሽ ዳምጠው ነው፣ ከኋላው እትዬ ስንዱ። ታሪኩ የእሱ ይመስላል እንጂ የእሷ ነው። ዓይናችሁን ከእሷ ላይ አታንሡ።

ከተማዋን ሸንኮሬ የሚባል ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ወዲያ ማዶ አስፋልቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑና መካነ መቃብሩ አሉ። ወዲህ ማዶ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ፣ አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ዕድር ነው ያለው። ሁለቱም ማዶ አንድ ቀበሌ ነው፤ በከተማው ምክር ቤት ያለውም ወንበር ለሁለቱ አንድ።

ዕድሩ አንድ ጡሩንባ አለው። ሰው ሲሞት ጋሽ ዳምጠው ጎህ ሲቀድ ይነሣና ጡሩንባውን እየነፋ በየመንገዱ ዞሮ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ያንን ድምፅ ሰምቶ አልጋው ላይ የሚቆይ የለም። የተጣላ ይወጣል፤ የታመመ እንኳ በመስኮት አንገቱን ያወጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወዲህ ማዶን ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ ያስለቀሰው እሱ ነው፤ እና ምን ልንገራችሁ፣ ከዚህ ሰው በላይ የሚወደድ ሰው በሰፈሩ አልነበረም።

3.

የመጀመሪያው ዙር። ለከተማ ምክር ቤት።

የምልክት ዝርዝር ሰጡት፦ ቁልፍ፣ መሰላል፣ ሰዓት፣ ጃንጥላ፣ ጡሩንባ። ቁልፉን ከአስፋልቱ ማዶ የመጣ ሰው ቀድሞ ወስዶታል። ስሙን ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ በየዙሩ ቁልፉን ይዞ የሚመጣው እሱው ስለሆነ ባለቁልፉ እንበለውና እንለፍ። ጋሽ ዳምጠው ግን ጡሩንባውን ሲያይ ዓይኑ በራ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ምልክቱን ሲያይ ይህማ የኛው ዳምጠው ነው ይላላ!

ቤት ለቤት ዞረ። ሁሉም እሺ አለው። አባቴን የለፈፍክልኝ፣ እናቴን የለፈፍክልኝ፣ ላንተ ያልሰጠሁ ለማን ልሰጥ ነው እያሉ ሊሸከሙት ምንም አልቀራቸው። በአገራችን ፊት ለፊት እምቢ የሚል ሰው ካገኛችሁ አድራሻውን ላኩልኝ። እትዬ ስንዱ እሺታዎቹን በጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል እያሰመረች ቆጠረች። ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት መስመር። ግድግዳው አልበቃ ብሎ ወደ በሩ ዞረች።

ውጤት (ወዲህ ማዶ ጣቢያ)




ዘጠኝ።

4.

ዘጠኙን በጣቱ ቆጠራቸው። በማግሥቱም ቆጠራቸው። ከዚያ ወዲያ ወፍጮ ድንጋይ እየወቀረ፣ ሸሚዝ እየቆለፈ፣ እጁን እየታጠበ ሲቆጥራቸው ዓመታት አለፉ።

አንደኛ፣ ስንዱ¹
ሁለተኛ፣ እኔ ራሴ
ሦስተኛ፣ የዕድሩ ዳኛ ጋሽ አስናቀ
አራተኛ፣ ባለወፍጮው
አምስተኛ፣ የባለወፍጮው ሚስት
ስድስተኛ፣ ወንድሜ
ሰባተኛ፣ የወንድሜ ሚስት (ስትምል ሰምቻለሁ)
ስምንተኛ፣ ድንኳን ተካዩ
ዘጠነኛ፣ መቃብር ቆፋሪው

¹ አይደለችም።

5.

የግርጌ ማስታወሻውን አንብባችኋል፤ መቼም አንዴ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምርጫው ዕለት ሰልፉ ውስጥ አንድ ወሬ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሄደ። ጣቱን ጡሩንባ ላይ ያሳረፈ፣ ጡሩንባው ደጁ ላይ ይነፋል። ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ባለቁልፉ ነው እንዳልል ማስረጃ የለኝም፤ ደግሞም ወዲህ ማዶ እንዲህ ያለ ወሬ ለመፍጠር የማንንም እርዳታ አይፈልግም። ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት እሺ ሰልፉ ላይ ቀለጠ።

እትዬ ስንዱም ሰማች። ከድምፅ መስጫው ካርቶን ጀርባ ገብታ አውራ ጣቷን ቀለም ነከረች፣ ወደ ጡሩንባው ወሰደች፣ እዚያ ላይ ቆመች። እንዲህ ነው ያሰበችው፦ በኔ ደጅ ከተነፋ ለማን ሊነፋ ነው? ያለኝ እሱ ብቻ። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ወረቀቱን ባዶውን አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረችው።

ስለዚህ ዘጠነኛው ሌላ ሰው ነው። ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ጋሽ ዳምጠው አውራ ጣቱን አጥፎ "አንደኛ፣ ስንዱ" ባለ ቁጥር እሷ ሥራ ፈልጋ ጓዳ ትገባለች።

6.

ፈሪ እንዳትሏት ይህን ልጨምር።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ በሐምሌ፣ ምጥ ያዛት። በወሳንሳ ተሸክመዋት ወደ ጤና ጣቢያው ሲሮጡ ሸንኮሬ ሞልቶ ጠበቃቸው። በበጋ ድንጋይ እየረገጡ በአሥር ደቂቃ የሚሻገሩት ወንዝ ነው። በክረምት ግን በላይ በኩል በአስፋልቱ ድልድይ መዞር ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል። ይጎድላል ብለው ጠበቁ። ልጅቷ እዚያው ዳር ላይ ተወለደች፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ አረፈች። ላልተጠመቀ ሕፃን ደግሞ ጡሩንባ አይነፋም፤ የዕድሩ ደንብ ነው። ጋሽ ዳምጠው ጡሩንባውን ይዞ ደጁ ላይ ብዙ ከቆመ በኋላ ሳይነፋው መልሶ ሰቀለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ወንበሩን አይደለም፣ አበሉንም አይደለም። ምክር ቤት ገብቶ እጁን አውጥቶ አንድ ቃል ሊናገር ነው።

ድልድይ።

7.

ሁለተኛው ዙር። ለክልል ምክር ቤት።

ከተማው ድልድይ ካልሠራ ክልሉ ይሠራዋል ብሎ ከፍ ብሎ ተነሣ። ጡሩንባው ነው ያስፈራቸው ብሎ አመነና ምልክቱን ለወጠ። ጃንጥላ ወሰደ። ማን ነው ጃንጥላ የሚጠላ?

በዚህ መሀል ሰፈሩ በዘጠኟ ቁጥር አፍሮ ነበር። እንዲህ የሚወዱትን ሰው እንዲህ ማዋረዳቸው እንቅልፍ ነሥቷቸው፣ የመጣው ይምጣ፣ ዘንድሮ ጡሩንባው ላይ ነው የምንጫነው ብለው ተማማሉ። ወንዶቹ ሴቶቹን አደፋፈሩ። ታዲያ በዕለቱ በነቂስ ወጡ።

ከምርጫው በኋላ ወፍጮ ቤት ውስጥ የተደረገ ንግግር፣ ቃል በቃል፦

ባለወፍጮው፦ ፈልገን አጣንህ እኮ።
ጋሽ ዳምጠው፦ የት?
ባለወፍጮው፦ ወረቀቱ ላይ። ከላይ እስከ ታች አየነው። ጡሩንባ የለም። አስቀርተውታል ብለን ተናደድንና ባዶውን መለስንላቸው።
ጋሽ ዳምጠው፦ ጃንጥላው ነበርሁ።
ባለወፍጮው፦ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ጃንጥላ የያዝከው?

የክልሉን ድምር ተዉት፣ ባሕር ነው። ሰፈሩን ብቻ እናንብብ።

ውጤት (ወዲህ ማዶ ጣቢያ)




አራት። (ባዶ ወረቀት፦ ሁለት መቶ አሥራ አንድ።)

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያሉት ይህን ነው።

8.

ሦስተኛው ዙር። እንደገና ለከተማ። እንደገና ጡሩንባ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለው ሳቁበት። ግን እኮ ነገሩ ተለውጦ ነበር! ዘጠኙ አልሞቱማ። ሰዉ ቆጥሮ ደረሰበት፦ ባለወፍጮው አለ፣ ጋሽ አስናቀ አለ፣ መቃብር ቆፋሪው እንኳ ጤናው ተርፎት ሁለተኛ ሚስት አገባ። ጡሩንባው ላይ የተጫነ ሁሉ በሕይወት አለ። ወሬው በራሱ ጊዜ ሞተ። ከእትዬ ስንዱ ልብ በስተቀር። እውነተኛውን ዘጠነኛ ስለማታውቅ፣ ያ ሰው ሞቶ ቢሆንስ እያለች በየቀብሩ ላይ ሟቹን በጥርጣሬ ታያለች።

ዘመቻው እሳት ነበር። ሰልፍ ወጡለት፣ ዘፈኑለት። እሱም ደስታው አናቱ ላይ ወጣና ምርጫው አምስት ቀን ሲቀረው አንድ ጥፋት አጠፋ። ማለዳ ተነሥቶ ጡሩንባውን ለቅስቀሳ ነፋው።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት በር ተከፈተ። ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ ወጡ። ማን ነው? ማን ነው? አንዲት ባሏ መንገድ የሄደባት ሴት ራሷን ስታ ወደቀች። ጋሽ ዳምጠው መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ማንም አልሞተም፣ ምረጡኝ ልል ነው አለ። ያን ቀን ዕድሩ ተሰብስቦ ገሠጸው፤ እሱም መሬት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከሞት በቀር ለምንም ላይነፋው ማለ። ይቅር ያላለው ጥቂት ሰው ነው።

ጥቂት ግን በቃ።

ውጤት (ሁለቱም ማዶ ተደምሮ)




ባለቁልፉ፦ አራት መቶ ሰባት
ጡሩንባ፦ አራት መቶ ስድስት

አንድ!

ሰፈሩ ያቺን አንዷን ሲፈልግ ከረመ። ያን ቀን ታሞ የቀረው ተወቀሰ፣ ገበያ የዋለችው ተወቀሰች። ያቺ አንዷ ብትጨመር እኩል፣ እኩል ከሆነ ድጋሚ፣ ድጋሚ ከሆነ ደግሞ ድልድይ። እትዬ ስንዱ ይህን ሁሉ ሰምታ ጓዳ ገባች። በሦስተኛውም ዙር ወረቀቷን ባዶውን ነበር ያጠፈችው። የዚያን ዓመት ክረምት ሸንኮሬ ሲያገሣ የሚጮኸው በእሷ ላይ መሰላት።

9.

አራተኛው ዙር። በቁጥር አንድ ላይ ያያችሁት ቅጽ የዚህ ነው።

ጋሽ ዳምጠው የመጨረሻዬ ነው ብሏል። ጉልበቱ ደክሟል፣ ድንጋይ መውቀርም ከብዶታል። ጡሩንባውን ግን ለቅስቀሳ አልነካውም፤ ከሚስማሩ ላይ አላወረደውም። በእግሩ ዞረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ፣ ይኸው ሄደ! ይቅር ያላሉት ሁሉ ይቅር አሉት። ራሷን ስታ የወደቀችው ሴት ባሏን ይዛ ደጁ ድረስ መጥታ ሁለት ድምፅ ይዤ መጥቻለሁ አለችው። ምርጫው ሰኔ ላይ ዋለ፣ ሸንኮሬም መሙላት ጀመረ፤ ከዚህ የበለጠ ቀስቃሽ ከየት ይመጣል።

ቅስቀሳው በሚያበቃበት ቀን እትዬ ስንዱ ጎረቤቷን እማማ ደብሪቱን ልትጠይቅ ሄደች። ዘጠናን ያለፉ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ ብለው ከደጃቸው ርቀው የማይሄዱ ባልቴት ናቸው። አጠገባቸው አስቀመጧትና ሳትጠይቃቸው ጀመሩ።

"ያኔ የመጀመሪያውን ጊዜ እኮ ሄጄለት ነበር።"

"የት ሄዱ እማማ?"

"ምርጫ ነዋ። በትሬን ይዤ፣ ቀስ እያልሁ። ጡሩንባው ላይ ተጫንሁለት። ምስጢር ነው ስላሉን ለማንም አልተነፈስሁም።"

እትዬ ስንዱ የያዘችው ነገር ከእጇ ወደቀ። ይኸው! ዘጠነኛዋ ይኸው፣ በሕይወት፣ ፊቷ ቁጭ ብለው! አልፈሩም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

"ምኑን ልፍራ? ሞት እኔን ረስቶኝ ነው እንጂ ስጠብቀው ስንት ዘመኔ ነው።"

ያን ቀን እትዬ ስንዱ ወደ ቤቷ የሄደችው እየበረረች ነው። ዘንድሮ ትጫናለች፣ አበቃ። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ የተሸከመችውን ፍርሃት አወረደች። ለባሏ ምንም አልነገረችውም፤ ብቻ "አንደኛ፣ ስንዱ" ሲል ሳቅ አለች።

10.




(አራቱ የጥሞና ቀናት ናቸው። ሕጉ በነዚህ ቀናት ቅስቀሳ የለም፣ የዕጩ ምልክት አይታይም፣ አይሰማም ይላል። ተራኪውም ዜጋ ነው።)




11.

የምርጫው ዕለት፣ ገና ሲነጋጋ፣ ጋሽ ዳምጠው ደጅ ላይ የተደረገ ንግግር፦

ጋሽ አስናቀ፦ እማማ ደብሪቱ አርፈዋል። ልጃቸው አሁን ነው የነገረችኝ።
ጋሽ ዳምጠው፦ ነፍስ ይማር።
እትዬ ስንዱ፦ (አውራ ጣቷን መዳፏ ውስጥ ሸሸገች።)
ጋሽ አስናቀ፦ ስማኝማ ዳምጠው። አሁን ከለፈፍክ ሰዉ ሁሉ ለቅሶ ይቀመጣል። ሬሳ ቤት አስተኝቶ ለምርጫ የሚሰለፍ ሰው በዚህ ሰፈር የለም። አስፋልቱ ማዶ ግን ሲመርጥ ይውላል።
ጋሽ ዳምጠው፦ አውቃለሁ።
ጋሽ አስናቀ፦ እስከ ማታ ዝም እንበል። ነገ ይቀበራሉ። የምናውቀው አራት ሰው ነን።
ጋሽ ዳምጠው፦ ሠላሳ ዓመት ለቅሶ ደብቄ አላውቅም።
ጋሽ አስናቀ፦ ጡሩንባውስ? ዛሬ ከነፋኸው ቀሰቀሰ ብለው ይሰርዙሃል።
ጋሽ ዳምጠው፦ ጡሩንባው ዛሬ ዕጩ ነው፣ ይቀመጥ። እኔ ግን ለፋፊ ነኝ።

ጋሽ አስናቀ ራሱን ነቅንቆ ድንኳኑን ሊያስወጣ ሄደ።

12.

ያለ ጡሩንባ መልፈፍ ማለት እያንዳንዱን በር ማንኳኳት ነው። ጋሽ ዳምጠው በቀኝ ልያዝ፣ አንቺ በግራ ያዢልኝ አላት። መቶ ሃምሳ ስድስት በር ለእሱ፣ መቶ ሃምሳ ስድስት በር ለእሷ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል። ሞትን ከደጇ ለማራቅ ድምፅ የነፈገችው ሴት ዛሬ ሞትን በገዛ አፏ በየሰው ደጅ ልትናገር ወጣች። መጀመሪያው በር ላይ ሁለቴ አንኳኳች። እማማ ደብሪቱ አርፈዋል፣ ቀብራቸው ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። ይህችን ለመናገር ሦስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። አሥረኛውን በር አልፋው ሄዳ ተመለሰች። አርባኛው በር ላይ ግን አንድ ነገር ገባት። ሰዎቹ ፊቷን አይተው አልሸሹም። ነጠላቸውን እየዘቀዘቁ እግዜር ይስጥልን አሏት፤ አንዷ አቅፋ ሳመቻት። ባሏ ሠላሳ ዓመት ሲያደርግ የኖረው ይህን ነው። ሞትን ወደ ሰው ደጅ አላመጣም፤ ሰውን ወደ ሞተበት ደጅ ጠራ እንጂ።

ሁሉም ግን አንድ ጥያቄ ጠየቋት፦ ጡሩንባው ምነው? ዛሬ አይነፋም አለቻቸው። ቀኑን አሰቡ፣ ገባቸውም። ሰውየው ምን እየጣለ እንደሆነ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ቤት ገባው። ስለ ምርጫው ግን አንድ ቃል የተነፈሰ የለም። ነውር ነው።

13.

ሰባት ሰዓት ላይ አስከሬኑ ተነሣ። ሸንኮሬ እስከ አፉ ሞልቷል። ስለዚህ በአስፋልቱ ድልድይ ዞሩ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሄዱ። የምርጫ ጣቢያው ባዶውን ነበር፤ ኃላፊዋ መምህርት ሕሊና በር ላይ ቆማ ሲያልፉ ለአስከሬኑ ጎንበስ አለች። ከአስፋልቱ ማዶ ሲደርሱ የዚያኛው ጣቢያ ሰልፍ መንገዱን አጣቧል። ባለቁልፉ ራሱ ባርኔጣውን አወለቀ። ባርኔጣውን ሲያወልቅ ፈገግ ብሎ ነበር የሚሉ አሉ፣ እኔ አላየሁም።

ፍትሐቱ አለቀ፣ አፈር ለበሱ፣ አሥር ሰዓት ከሩብ ሆነ። ጣቢያው አሥራ ሁለት ላይ ይዘጋል። መልሱ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ያውም በጭቃ። እስቲ አስሉት! ድልድይ ቢኖር አሥር ደቂቃ ነበር። ድልድዩን የሚያስገኘውን ድምፅ ድልድዩ አለመኖሩ ሊበላው ነው!

እና ሁሉም ቆመዋል። እያንዳንዱ ሰዓቱን በስርቆት ያያል። ከቀብር ቀድሞ መሄድ አሳፋሪ ነው፣ ለምን ቸኮልህ ቢባል ምን ይባላል? ጋሽ ዳምጠው ሊናገር አይችልም፤ ዕጩ ነው፣ ሕጉ ይከለክለዋል። ለፋፊም ነው፣ በደንቡ ከመቃብሩ ላይ የመጨረሻው ሰው ካልሄደ አይሄድም። መሬት መሬት እያየ ቆመ።

እትዬ ስንዱ መቃብሩን አየች። እማማ ደብሪቱ በበትር፣ ቀስ እያሉ፣ ብቻቸውን የሄዱበትን ያን ቀን አሰበች። ነጠላዋን አጠበቀች።

መራመድ ጀመረች።

ማንንም አላየችም፣ ለማንም አልተናገረችም። ፈጠን አለች። ከኋላዋ የእግር ድምፅ ሰማች፤ አንድ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቁጠር ያቃታት። አስፋልቱ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ሶምሶማ ሆነ። ከድልድዩ ወዲህ፣ እናንተዬ፣ ሩጫ! ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከታች፣ ባለወፍጮው ሆዱን ደግፎ፣ ጋሽ አስናቀ መነጽሩን ኪሱ ከትቶ! አንድ መንገደኛ ማን ሞተባችሁ ብሎ ሲጠይቅ ማንም ለመመለስ ትንፋሽ አልነበረውም።

14.

አሥራ ሁለት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ባሕር ዛፉ ደረሰ። መምህርት ሕሊና ሰዓቷን አይታ አሥራ ሁለት ላይ እዚህ ሰልፍ ውስጥ የተገኘ ሁሉ ይመርጣል፣ ከዚያ በኋላ የመጣ አይመርጥም አለች። ልክ አሥራ ሁለት ሲሆን ከመጨረሻው ሰው ጀርባ ፖሊስ አቆመች።

ጋሽ ዳምጠው በአሥራ ሁለት ከአራት ደቂቃ ደረሰ። ከመቃብሩ የመጨረሻው ሰው እሱ ነበራ። ፖሊሱን አየው፣ ፖሊሱም አየው። አልተከራከረም። ጭቃውን ከጫማው እያራገፈ አጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

የእትዬ ስንዱ ተራ ደረሰ። አሁን እናንተም አብራችኋት ግቡ።

ወረቀቱን ተቀበዪ።
ከካርቶኑ ጀርባ ግቢ።
አውራ ጣትሽን ቀለሙ ላይ ጫኚ።
ቁልፉን እዪ። እለፊው።
መሰላሉን እለፊው።
ጃንጥላውን እለፊው።
ጡሩንባው ይኸው።
በቀሚስሽ አትጥረጊው።

ጫኚ።

15.

በማግሥቱ ጠዋት ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ ተባለ። ሁለቱ ተያይዘው ሄዱ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። መንገድ ላይ ጋሽ ዳምጠው እንደ ልማዱ አውራ ጣቱን አጠፈ።

"አንደኛ፣ ስንዱ።"

"አዎ" አለችው። ቀለም ያለበትን ጣቷን አሳየችው። እንዲህ መልሳለት አታውቅም ነበርና ቆም ብሎ አያት።

"ሁለተኛ…" አለና ሌባ ጣቱን እንደዘረጋ ቀረ። ሁለተኛው የለም። እሱ ራሱ አልመረጠማ። ሁለቱም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ከሩቁ የሚያይ ሰው ወረቀቱን አንብበው የጨረሱ ሊመስለው ይችላል።

በሩ ላይ ሰዉ ተጠጋግቷል። መንገድ ለቀቁላቸው። እኔ እንኳ ይህን ሁሉ ያወራሁት ሰውዬ፣ ከዚያ ሳጥን ውስጥ በእርግጠኝነት የማውቃት አንዲቷን ብቻ ነው፤ ቀሪውን እናንተ ቁጠሩት።

ውጤት (ሁለቱም ማዶ ተደምሮ)

ባለቁልፉ፦ አራት መቶ ሠላሳ አንድ

ጡሩንባ፦ አንድ እና